የሸማው ገንዘብ የት ይቀራል? ስለ ጋሞ ደጋ ሽመናና ስለ ገጠሩ ገቢ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ሸማ ሲነሳ ብዙዎቻችን ቶሎ ትዝ የሚለን ሽሮ ሜዳ ነው። የእንጦጦን መንገድ ይዘን ወጣ ስንል በግራ በቀኝ ተሰቅሎ የምናየው ነጠላና የሀበሻ ቀሚስ። ያንን ሸማ የሠራው እጅ ግን በአብዛኛው የመጣው ከሩቅ ነው። ከአርባ ምንጭ በላይ ካለው ከጋሞ ደጋ፣ ከዶርዜና ከጨንቻ አካባቢ ነው። የእጅ ሥራ ገጠርን እንዴት እንደሚደግፍ ሲወራ እኔ ወደዚህ አካባቢ የማዘነብለው ለዚህ ነው። ሙያው ከዚያ ነው፤ ገንዘቡ ግን አብዛኛውን ጊዜ እዚያ አይደርስም። ሸማ ገዢዎች፣ ውጭ አገር ያሉ ወገኖች፣ ሥራ የሚፈልጉ ወጣቶችና የወረዳ ሠራተኞች ደጋግመው የሚያነሷቸውን ጥያቄዎች ሰብስቤ ከዚህ በታች መልሻለሁ።

የእጅ ሥራ እውነት የገጠር ኢኮኖሚን ይደግፋል ወይስ ለቱሪስት ማሳያ ብቻ ነው?

ይደግፋል። ጋሞ ደጋ ላይ ሲደግፍ ነው የኖረው።

አገሩ ብርድ ነው፤ ከፍታው ከባሕር ወለል በላይ ከ2,500 ሜትር ያልፋል። ገበሬው እንሰት ይተክላል፣ ገብስና ድንች ያመርታል። መሬቱ ተዳፋት ነው፣ ሕዝቡም ብዙ ነው። አባት መሬቱን ለወንዶች ልጆቹ ሲያካፍል ለእያንዳንዱ የሚደርሰው ከጓሮ ብዙም አይበልጥም። እርሻው ቀለብ ይችላል፤ ጥሬ ገንዘብ ግን ብዙም አይወጣውም። ለማዳበሪያ፣ ለደብተር፣ ለሕክምና፣ ለቤት ክዳን ቆርቆሮ የሚሆነው ብር ከሸማ ሲመጣ ኖሯል። አሁን አሁን የጨንቻ አፕልም ይህን ክፍተት በመሙላት እያገዘ ነው፤ ሁለቱ አብረው የሚሄዱ ናቸው።

አንድ ነገር ግን መለየት አለብን። ሸማኔው አዲስ አበባ ሄዶ ገንዘብ መላኩ አንድ ነገር ነው። ሥራው ራሱ መንደሩ ውስጥ መሆኑ ሌላ ነው። አዲስ አበባ ያለው ሸማኔ የቤት ኪራይ ይከፍላል፣ በከተማ ዋጋ ይበላል፣ የተረፈውን ይልካል። ለመስቀል ሲገባ ለቅርጫ፣ ለልብስ፣ ለቤተ ዘመድ ያወጣል፤ መንደሩም ለጥቂት ሳምንት ይሞቃል። ከዚያ ተመልሶ ይሄዳል። ሥራው መንደር ውስጥ ቢሆን ግን ያው ብር መጀመሪያ ለፈታይዋ፣ ቀጥሎ ለቋጪዋ፣ ከዚያ ለሻይ ቤቱና ለሚኒባሱ እያለ እዚያው ይዞራል። የገጠር ኢኮኖሚ መደገፍ ስንል ይህ መዞር ነው።

ሽመና ለምን በጋሞ ጠነከረ?

ከሥር ቆላው አለ። የአባያና የጫሞ ሐይቆች ዙሪያ ሞቃት ነው፣ ጥጥ ይበቅልበታል። ከላይ ደግሞ ወፍራም ልብስ የሚፈልግ ደጋ አለ። ጥጡ ወደ ላይ ይወጣል፣ ሸማው ወደ ታች ይወርዳል። የመሬት ጥበቱ ሲጨመርበት ሽመና ከትርፍ ጊዜ ሥራነት አልፎ ዋና ሙያ ሆነ። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ አካባቢው በአፄ ምኒልክ መንግሥት ሥር ከገባ በኋላ ደግሞ አዲስ አበባ የምትባል ትልቅ ገዢ ተፈጠረች። ሸማኔዎቹ ገበያውን ተከትለው ሄዱ። ሽሮ ሜዳና የጉለሌ ሠፈሮች የሸማኔ ሠፈር የሆኑት በዚህ መንገድ ነው።

አንድ ጋቢ ከጥጥ እስከ ትከሻ ስንት እጅ ያልፋል?

ይህን ጥያቄ እወደዋለሁ፤ የዋጋው ነገር የሚገባን እዚህ ላይ ስለሆነ ነው።

ጥጡ ይለቀማል። ፍሬው እንዲወጣ ይዳመጣል። ከዚያ በደጋን ይነደፋል፤ ሲፍታታ ባዘቶ ይሆናል። ባዘቶው በእንዝርት ይፈተላል። ፈትሉ ይጠቀለልና ልቃቂት ይሆናል። ከለቀማው በኋላ እስከዚህ ያለው ሥራ የሴቶች ነው፤ ከሁሉም ረጅሙም ይኸው ነው። ሽመናው ራሱ ከመፍተሉ ያነሰ ጊዜ ይወስዳል። ይህን ስነግራቸው ብዙ ገዢዎች ይገረማሉ።

ቀጥሎ ድሩ፣ በቁመት የሚዘረጋው ክር፣ ይደራል። ማጉ፣ በአግድም የሚያልፈው ክር፣ በቀሰም ላይ ይጠቀለላል፤ ቀሰሙ መወርወሪያው ውስጥ ይገባል። ሸማኔው ከሸማ ዕቃው ሥር በተቆፈረው ጉድጓድ አፍ ላይ ተቀምጦ እግሩን ወደ ውስጥ ይሰዳል። በእግሩ ድሩን ይከፍታል፣ በእጁ መወርወሪያውን ከግራ ወደ ቀኝ ከቀኝ ወደ ግራ ይወረውራል፣ እያንዳንዷን ማግ መትቶ ያጠጋል። ጥለት ላይ ሲደርስ ፍጥነቱ ይቀንሳል። ባለ ቀለሙን ክር በጣቱ እያነሳና እየጣለ ነው ጥለቱን የሚያወጣው። ንድፉ ወረቀት ላይ የለም፤ ጭንቅላቱ ውስጥ ነው ያለው።

ሸማው ከወረደ በኋላም ሥራ አለ። የጨርቁ ወርድ የሸማኔው ክንድ ከሚደርስበት ስለማያልፍ ጋቢው በወርድ በወርድ ተሠርቶ ይጋጠማል፣ አራት ድርብ ይሆናል። ጫፉ ይቋጫል። ይታጠባል። እንግዲህ ለቃሚው፣ ነዳፊዋ፣ ፈታይዋ፣ ሸማኔው፣ ቋጪዋና አጣቢዋ ሁሉ ከዚያች አንዲት ጋቢ እንጀራ የሚጠብቁ ናቸው። ጋቢው በፋብሪካ ክር ከተሠራ የመጀመሪያዎቹ ሁሉ ከሥራው ይወጣሉ። ሸማኔው ይቀራል፣ ሴቶቹ ግን ያለ ገቢ ይቀራሉ።

ታዲያ የፋብሪካ ክር መጥፎ ነው?

አይደለም። የፋብሪካ ክር ቶሎ ይደርሳል፣ ለድር ጠንካራ ነው፣ ለዕለት ልብስ ዋጋውን ያቃልላል። ድሩን በፋብሪካ ክር፣ ማጉን በፈትል የሚሠሩ ብዙ ናቸው፤ ጥሩ አካሄድ ነው። ችግሩ የፋብሪካ ክሩን «ፈትል ነው» ብሎ በፈትል ዋጋ መሸጥ ነው። ይህ ፈታይዋን ሁለት ጊዜ ይጎዳል። ሥራዋን ያስቀርባታል፣ ስሟንም ያረክሰዋል።

የጥለት ክር ለምን እንዲህ ተወደደ?

የሚያብረቀርቀው የጥለት ክር በብዛት ከውጭ የሚገባ ነው፤ ዋጋው ከዶላር ጋር ይወጣል። ብሔራዊ ባንክ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ካደረገ በኋላ 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር ብዙም ሳይቆይ ከ100 ብር አለፈ። ሸማኔው ላይ ይህ በቀጥታ ነው ያረፈው። ክሩን ዛሬ በውድ ይገዛል፤ ሸማውን የሚሸጠው ግን ገዢው በሚችለው ዋጋ ነው።

ነገሩ ሌላ ገጽም አለው። ውጭ አገር ላለ ገዢ ሸማው በዶላር ሲታሰብ ረክሷል። ከዚያ ላይ ደግሞ አገር ውስጥ በሚገኝ ጥጥና ቀለም የሚሠራ ጥለት ከውጭው ክር ጋር የመወዳደር ዕድል አግኝቷል። እኔ በግሌ የድሮውን የጥጥ ጥለት የምመርጠው ከዋጋው በፊት ለውበቱ ነው። አያበራም፤ ዓይን ላይ ግን ያርፋል፣ ከታጠበ በኋላም መልኩ አይለወጥም።

ሸማኔው ከአንድ ሸማ ምን ያህል ያገኛል?

እንደ ሸማው፣ እንደ ወቅቱና እንደ ገዢው ይለያያል፤ አንድ ቁጥር ብጠራ አሳሳታለሁ። አሠራሩን ግን ልንገራችሁ።

ብዙ ሸማኔ የክር መግዣ የለውም። ነጋዴው ክሩን ይሰጠዋል፣ ሸማው ሲያልቅ የእጅ ዋጋ ይከፍለዋል። የእጅ ዋጋውን የሚቆርጠው ነጋዴው ነው። በዓል ሲደርስ፣ ማለትም ለእንቁጣጣሽ፣ ለመስቀል፣ ለገና፣ ለጥምቀትና ለፋሲካ፣ ሸማ ይወደዳል፤ የእጅ ዋጋው ግን ያን ያህል አይጨምርም። በጾም ወራት ሠርግ ስለማይኖር ገበያው ይቀዘቅዛል። ያኔ ሸማኔው ለቀለብ ይበደራል፣ ብድሩን ደግሞ በመጪው በዓል ሸማ ይከፍላል። እንዲህ ሆኖ ውድ በሆነበት ጊዜ ሁሉ በርካሽ ይሸጣል።

ይህን ለመስበር ሁለት ነገር ያስፈልጋል። አንደኛው የክር መግዣ ነው። ሁለተኛው ሸማው እስኪወደድ የሚያቆይ አቅም ነው። ሁለቱንም አንድ ሰው ብቻውን አይችልም። አሥራ አምስት ሃያ ሆነው በማኅበር ሲሆኑ ግን ክር በጅምላ ይገዛሉ፣ በጾም የተሠራውን አስቀምጠው ለፋሲካ ያወጣሉ፣ ለተቸገረው አባል ቅድሚያ ይሰጣሉ። ዕቁብና ዕድር የሚያውቅ ሕዝብ ይህን ለመጀመር ከውጭ አስተማሪ አያስፈልገውም። የሚያስፈልገው የተጣራ ሒሳብና አባላቱ የሚያምኑት ገንዘብ ያዥ ነው። ብዙ ማኅበር የሚፈርሰው ገበያ አጥቶ ሳይሆን ሒሳብ አጥቶ ነው።

የታተመውን ጨርቅ ከእጅ ሥራ እንዴት እለየዋለሁ?

ጥለት የታተመበት የፋብሪካ ጨርቅ ገበያውን አጥለቅልቆታል። ዋጋው ትንሽ ነው፣ ከሩቅ ሲያዩትም ያምራል። ሰው አቅሙ የፈቀደውን ቢለብስ አልፈርድም። ቅሬታዬ «የሽመና ነው» ተብሎ ሲሸጥ ነው።

ጥለቱን ገልብጣችሁ እዩት። በእጅ የተሠራ ጥለት ከጀርባው ክሩ ሲመላለስ ይታያል። የታተመው ከፊት ደማቅ፣ ከኋላ ደብዛዛ ነው። ዳሩንም ዳብሱት፤ የእጅ ሥራ ዳር ጥቂት ወጣ ገባ ይላል። ስፋቱንም አስተውሉ። ምንም መጋጠሚያ ሳይኖረው በጣም ሰፊ የሆነ ጨርቅ ከባሕላዊው የጉድጓድ ሸማ ዕቃ የወጣ አይደለም። ፈትል ከሆነ ደግሞ ክሩ አንዱ ጋ ወፈር፣ አንዱ ጋ ቀጠን ይላል። ያ ጉድለት አይደለም፤ የፈታይዋ ጣት ነው።

ሸማኔው ስሙን በሕግ ማስጠበቅ ይችላል?

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ከሁሉም በላይ የምቆጭበት ነገር ይህ ነው። «ዶርዜ» የሚለው ስም ዋጋ አለው። ዶርዜ ነው ሲባል ሰው እጁን ወደ ኪሱ ይሰዳል። ስሙን ግን ማንም ይጠቀምበታል፤ ዶርዜን አይቶ የማያውቅ ነጋዴ ሳይቀር።

የንግድ ምልክት አዋጁ፣ ቁጥር 501/1998፣ የጋራ ምልክት የሚባል ነገር ይፈቅዳል። አንድ ማኅበር ምልክቱን ያስመዘግባል፣ መመዘኛውን ያወጣል፣ መመዘኛውን ያሟሉ አባላቱ ይጠቀሙበታል። እንዲህ ያለ ነገር ለእኛ አዲስ አይደለም። ኢትዮጵያ የይርጋጨፌን፣ የሲዳሞንና የሐረርን የቡና ስሞች አሜሪካ ለማስመዝገብ ያመለከተችው እ.ኤ.አ. በ2005 ነው። ከአሜሪካው የቡና ኩባንያ ከስታርባክስ ጋር በስሞቹ ላይ የነበረው ክርክር በ2007 በስምምነት አለቀ። ቡናው ላይ የሠራነውን ሸማው ላይ የማንሠራበት ምክንያት አይታየኝም።

ከዚህም ጠበቅ ያለ ምሳሌ ስኮትላንድ ውስጥ አለ። ሃሪስ ትዊድ የሚባል የሱፍ ጨርቅ አለ። እ.ኤ.አ. በ1993 የብሪታንያ ፓርላማ ስለዚህ ጨርቅ ብቻ ሕግ አወጣ። በሕጉ መሠረት ያን ስም ለመያዝ ሱፉ እዚያው ደሴቶች ላይ መቀለምና መፈተል አለበት። ሸማኔውም የደሴቶቹ ነዋሪ ሆኖ በገዛ ቤቱ በእጅ መሸመን አለበት። «በገዛ ቤቱ» የሚለውን ልብ በሉ። ሕጉ ጨርቁን ብቻ አልጠበቀም፤ ሥራው ከደሴቱ እንዳይወጣ አድርጎ ነው የጻፈው። ጋሞም የሚያስፈልገው እንዲህ ያለ ነው። «የዶርዜ ሸማ» ለመባል በጋሞ ደጋ የተሸመነ ይሁን፤ ማጉ በእጅ የተፈተለ ይሁን። ሽሮ ሜዳ ላይ የሚሠራው የራሱ ሌላ ስም ይኑረው። እሱም ክቡር ሥራ ነው።

ሽመናው ውስጥ ልጆች ይሠራሉ ይባላል። እውነት ነው?

እውነት ነው፤ ያማል። ከጋሞ መንደሮች ሕፃናት «ትማራለህ፣ ትለብሳለህ» እየተባሉ ወደ አዲስ አበባ ይወሰዱ እንደነበር ብዙ ጊዜ ተዘግቧል። የሚወስዳቸው አንዳንዴ ዘመድ ነው። ትምህርቱ ይቀርና ከጠዋት እስከ ማታ ጉድጓድ ውስጥ ይውላሉ።

ሕጉ ግልጽ ነው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ከ15 ዓመት በታች ያለን ልጅ መቅጠር ይከለክላል። ከ15 እስከ 18 ዓመት ያለው ወጣት በቀን ከ7 ሰዓት በላይ፣ ሌሊትም እንዲሠራ አይፈቅድም። ልጅ ከትምህርት መልስ እቤቱ ከአባቱ ጎን ተቀምጦ ሙያ መልመዱ ሌላ ነገር ነው፤ ሙያው የሚተላለፈው እንደዚያ ነው። ከእናቱ ተለይቶ ሰው ቤት መታሠሩ ግን ሙያ መማር አይደለም።

ሥራው መንደር ውስጥ ይሁን የምለው በዚህም ምክንያት ነው። ልጁ ሰፈሩ ውስጥ ሲሆን መምህሩ ያየዋል፣ ጎረቤት ያየዋል፣ እናቱ ታየዋለች። አዲስ አበባ ጓሮ ቤት ውስጥ ማን ያየዋል?

ሴቶች መሸመን አይችሉም?

በጋሞ ልማድ ሴት ትፈትላለች፣ ወንድ ይሸምናል። ልማድ ነው እንጂ የጉልበት ጉዳይ አይደለም። ለዚህ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ደቡብ ጎንደር ፎገራ ያለችው አውራ አምባ፣ ዙምራ ኑሩ እ.ኤ.አ. በ1972 የመሠረቷት ማኅበረሰብ፣ ሴት ትሸምናለች፣ ወንድ ይፈትላል። መሬታቸው ትንሽ ነው፤ ስለዚህ ከእርሻ ይልቅ በሽመናና በወፍጮ ላይ ተመረኮዙ። የጋሞ ደጋ ችግር ከእነሱ ብዙም አይለይም።

በጋሞ ግን ከሁሉ በፊት መስተካከል ያለበት የፈትል ዋጋ ይመስለኛል። ፈታይዋ የልፋቷን ብታገኝ ከማንም ሥልጠና በላይ ቤቷን ይለውጠዋል።

ወጣቱ ለምን ይሸሸዋል?

ወገብ ያማል፣ ጉልበት ያማል። ጉድጓዱ ይቀዘቅዛል፣ ብርሃን የለውም። ክፍያው ትንሽ ነው። እነዚህ ይስተካከላሉ። ከፍ ብሎ የሚቆም የእንጨት ሸማ ዕቃ አለ፤ ወንበር ላይ ተቀምጠው የሚሠሩበት፣ ለወገብ የሚሻል፣ ሰፋ ያለ ጨርቅም የሚያወጣ።

ለመስተካከል የሚከብደው ንቀቱ ነው። አገራችን የእጅ ባለሙያን ለዘመናት ስትሰድብ ኖራለች። አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሸማኔውን፣ ቀጥቃጩንና ሌላውን ባለ እጅ በሙያው እየጠሩ መስደብን የሚከለክል አዋጅ እስከ ማስነገር የደረሱት ነገሩ ምን ያህል ሥር እንደ ሰደደ ስላዩ ነው። ከመቶ ዓመት በላይ አልፎታል። ዛሬም የሸማኔ ልጅ ትምህርት ቤት የአባቱን ሥራ ሲጠየቅ አንገቱን የሚደፋበት ቦታ አለ። እኛ በዓል በመጣ ቁጥር የአባቱን ሥራ ለብሰን እንወጣለን።

ቱሪዝም ይረዳል?

ይረዳል፤ ዋስትና ግን አይሆንም። ዶርዜ በቀርከሃ ቤቶቹ፣ በቆጮውና በሽመናው እንግዳ የሚስብ መንደር ነው፤ ከአርባ ምንጭ አየር ማረፊያም ሩቅ አይደለም። እንግዳ መጥቶ ሸማኔው ደጃፍ ላይ ሲገዛ ነጋዴ የለም፣ ትራንስፖርት የለም። ነገር ግን ኮሮና ሲመጣ እንግዳው ቀረ። ጦርነት ሲነሳ ቀረ። ቱሪስት ላይ ብቻ የቆመ ማኅበር በእነዚያ ዓመታት ባዶ እጁን ነው የቀረው። ዋናው ገበያ በዓሉንና ሠርጉን የሚያከብረው የራሳችን ሰው ነው።

እንደ ለምለምና ሳባሃር ያሉ የእጅ ሽመና ድርጅቶችስ?

ሞዴሏ ሊያ ከበደ ለምለምን እ.ኤ.አ. በ2007 የመሠረተችው ሸማኔዎች ገበያ እያጡ መሆኑን አይታ ነው። ሳባሃር ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ2004 ጀምሮ አዲስ አበባ ላይ ጥጥና ሐር በእጅ እያስፈተለና እያሸመነ ወደ ውጭ ይልካል። ሁለቱም ያሳዩን ትልቅ ነገር አለ። የኢትዮጵያ የእጅ ሽመና ከበዓል ልብስነት ወጥቶ ፎጣ፣ መጋረጃ፣ ስካርፍ፣ የባሕር ዳርቻ ልብስ መሆን ይችላል። ያ ማለት በጾምም በክረምትም ሥራ አለ ማለት ነው። ለወቅቱ ችግር ከመፍትሔዎቹ አንዱ ይህ ነው። እንዲህ ያለ ትዕዛዝ ወደ ጨንቻም መድረስ እንዲችል ግን እዚያ መጠኑንና ቀለሙን ጠብቆ፣ በቀኑ የሚያስረክብ ማኅበር መኖር አለበት። የውጭ ገዢ መቶ ፎጣ ሲያዝ መቶውም እኩል እንዲሆኑ ይፈልጋል።

ውጭ አገር ነው የምኖረው። ምን ላድርግ?

ግዙ፤ ስትገዙ ግን ጠይቁ። «የት ተሠራ? ማን ሠራው? ማጉ ፈትል ነው?» ሻጩ መልስ ከሌለው ለሚቀጥለው ይዘጋጃል። አሜሪካ ውስጥ ሲልቨር ስፕሪንግ ወይም አሌክሳንድሪያ ያለ ሱቅ ደንበኞቹ ደጋግመው ከጠየቁት ለአቅራቢው ይደውላል። እስራኤል ያሉ ወገኖቻችን ለሲግድ በዓላቸው፣ ዱባይና ቤይሩት ያሉ እህቶቻችን ለበዓል የሚለብሱት ነጭ ልብስ ሁሉ ከአንድ ሰው እጅ የወጣ ነው።

ለሠርግ ከሆነ ቢያንስ ከሦስት ወር በፊት እዘዙ፣ ቀብድም ክፈሉ። ቀብዱ ለሸማኔው የክር መግዣ ነው፤ ከነጋዴ ብድር የሚያድነውም እሱ ነው። በመጨረሻ ሰዓት የሚመጣ ትዕዛዝ ሸማኔውን ሌሊት ያስቀምጠዋል፣ አንዳንዴም ልጁን ከትምህርት ያስቀረዋል።

ስለ ዋጋ ክርክር ደግሞ ልመናዬ ይህ ነው። ቲሸርት ስንገዛ የማንከራከር ሰዎች ሸማኔ ላይ ስንደርስ እስከ ሃምሳ ብር አንለቅም። ተዉት።

ይህ ለሌላ የእጅ ሥራም ይሠራል?

መሠረቱ አንድ ነው፤ ዝርዝሩ ይለያያል። የሐረር እናቶች የሚሰፉት ስፌት ከቤት ሳይወጡ የሚሠሩት ስለሆነ ሥራው ድሮም ከከተማዋ አልወጣም፤ ያ ትልቅ ጥቅም ነው። ጎንደር አጠገብ ያለችው ወለቃ ደግሞ የተለየች ናት። ቤተ እስራኤል በሸክላና በቀጥቃጭነት የታወቁባት መንደር ነበረች። አብዛኞቹ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹና በ1991 ወደ እስራኤል ከሄዱ በኋላ ሥራውን የቀጠሉት የአካባቢው ሴቶች ናቸው። ሙያ ባለቤቱ ሲሄድ ገበያው ካለ ተተኪ ያገኛል። ሸክላ ግን ከባድ ነው፣ ይሰበራል፤ መንገድ በሌለበት ከመንደሩ ገበያ አያልፍም።

ከወረዳውና ከክልሉ ምን ይጠበቃል?

ሼድ ተሠርቶ ሪባን ሲቆረጥ ብዙ አይተናል። ሼዱ መጥፎ ነገር አይደለም፤ ጨንቻ ላይ የክር መጋዘን ቢኖር ግን ከአሥር ሼድ ይበልጣል እላለሁ። ሸማኔው ክር ፍለጋ አዲስ አበባ ድረስ ከሄደ እዚያው ቢቀር ምን ይገርማል? ክሩ በጅምላ ዋጋ እዚያው ይገኝ። መብራት ይድረስ፤ ጨለማ ውስጥ መሥራት የሸማኔን ዓይን ያደክማል። ብድር ሰጪ ተቋማትም የተሠራ ሸማን በመያዣነት ቢቀበሉ የጾሙን ወራት ለማለፍ ይረዳል። የጋራ ምልክቱን ጉዳይ ደግሞ ዞኑና የአርባ ምንጭ ዩኒቨርሲቲ አብረው ሊጀምሩት የሚችሉት ነው፤ የሕግ ትምህርት ቤት እዚያው አለ።

ሄጄ ከሸማኔው እጅ መግዛት እፈልጋለሁ። መቼ ልሂድ?

ከአርባ ምንጭ ጨንቻ 37 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ዶርዜን መንገድ ላይ ታገኙታላችሁ። የዶርዜ ገበያ ሰኞና ሐሙስ ነው፣ የጨንቻው ማክሰኞና ቅዳሜ። ገበያው የሚሞቀው ከቀትር ገደማ በኋላ ነው። ፈትሉን የሚሸጡት ሴቶች ለብቻቸው ተራ ይዘው ይቀመጣሉ፤ ከእነሱ ፈትል ገዝታችሁ ለሸማኔው መስጠትም ትችላላችሁ። ያኔ የፈትሉ ዋጋ ለፈታይዋ፣ የእጅ ዋጋው ለሸማኔው በቀጥታ ይገባል። ከሰኔ እስከ ነሐሴ ዝናብና ጉም ስለሚበዛ ወፍራም ልብስ ያዙ፤ መስቀል ሰሞን ከሄዳችሁ ደግሞ ማደሪያ ቀድማችሁ ያዙ፤ አዲስ አበባ ያለው ሸማኔ ሁሉ ያን ሰሞን አገሩ ነው።